አዲስ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር መቼ ይቀላቀል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሳሎናችን ውስጥ 120 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ፤ አራት ጎልድፊሾች ከዓመት በላይ በሰላም ኖረውበታል። በኅዳር መጨረሻ ልጆቼ ደስ እንዲላቸው ስድስት ጉፒዎች ከከተማ ገዝቼ በዚያው ምሽት ቀላቀልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ነጭ ነጠብጣብ ወጣባቸው። የሸጠልኝ ሰው የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ ውሃው ላይ እንድበትን ነገረኝ፤ እንዳለኝ አደረግሁ። ነጠብጣቡ ሲጠፋ ዳኑ ብዬ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እጅግ በዝቶ ተመለሰ። ጉፒዎቹ በሙሉ አለቁ፤ ከጎልድፊሾቹ የቀሩት ሁለት ናቸው። ልጆቹ ሌላ እንድገዛ ይወተውቱኛል። አዲሶቹን ከመቀላቀሌ በፊት ምን መድኃኒት ልስጣቸው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ በደረሰብዎት ነገር አዝናለሁ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። አዲስ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ውሃ፣ በሌላ መረብ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ከፍታና ብርድ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህ ጊዜ በሞቃት አገር ከሚመከረው ይረዝማል። ምክንያቱን ሳልነግርዎ ቀን ብቻ ቆጥሬ ብሰጥዎ ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት ያሸንፉዎታል። ስለዚህ አስቀድሜ ገንዳዎ ውስጥ ምን እንደተፈጸመ ላስረዳ።

የገለጹት ምልክት ነጭ ነጠብጣብ ተብሎ የሚታወቀው በሽታ ይመስላል። የሚያመጣው ኢክትዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። በዓሣው ላይ የምናየው እያንዳንዱ ነጭ ነጥብ ከቆዳው የላይኛው ሽፋን ሥር ገብቶ እየተመገበ የሚያድግ አንድ ተሐዋሲ ነው። እዚያ እስካለ ድረስ ውሃው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ዓሣውን ትቶ ይወርዳል፤ አሸዋው ላይ፣ መስታወቱ ላይ ወይም ተክሉ ላይ ይለጠፍና ዙሪያውን በሽፋን ያጥራል። ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ይከፋፈላል፤ አንዱ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይሆናል። ሽፋኑ ሲፈነዳ እነዚህ ሁሉ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒትም ሆነ ጨው የሚይዛቸው በዚህች አጭር የዋና ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ነጠብጣቡ የጠፋ ዕለት ዓሦቹ አልዳኑም ነበር። ተሐዋሲው ሊራባ ወደ አሸዋው ወርዶ ነው። ቴትራሳይክሊኑ በዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበረውም። የባክቴሪያ መድኃኒት በዚህ ተሐዋሲ ላይ አይሠራም፤ በዚያ ላይ ቴትራሳይክሊን ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ኃይሉን ያጣል። ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ሊጎዳ ይችላል። እነርሱ ሲጎዱ ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ታሞ የነበረው ዓሣ መርዝም ይጨመርበታል። ደግሞም የሰው መድኃኒት በግምት ውሃ ላይ መበተን መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል፤ ውሃውን የሚቀዱትና የሚደፉት እርስዎ ስለሆኑ ነገሩ ከእጅዎ አይርቅም። ይህ ምክር በየሱቁ መሰጠቱን ቢያቆም በጣም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። የዚህን ተሐዋሲ የኑሮ ዑደት የሚያፈጥነውም የሚያዘገየውም የውሃው ሙቀት ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ዑደቱ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። 15 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ከአንድ ወር በላይ ይሄዳል። በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ ወይም በሰበታ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ማሞቂያ የሌለው ገንዳ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ጠዋት እጅዎን ነክረው ያውቁታል። በዚያ ላይ ዓሣ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ በሽታ የመከላከል አቅሙም አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሳምንት የቆየ ዓሣ ንጹሕ ቢመስልም ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። ቢያንስ አራት ሳምንት የምለው ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ።

ሁለቱን የተረፉ ጎልድፊሾች አይርሱ። ከበሽታው የተረፈ ዓሣ የተወሰነ የመከላከል አቅም ያገኛል፤ ነገር ግን ሳይታመም ጥቂት ተሐዋሲ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ዛሬ አዲስ ዓሣ ቢገዙ፣ አዲሱ ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳን፣ ከነባሮቹ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናውን ገንዳ ያጽዱ። ለጎልድፊሽ የምመርጠው ጨው ነው፤ የወጥ ቤት ጨው ይበቃል፤ በውስጡ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዓሣውን አይጎዳም። ግቡ በአንድ ሊትር ውሃ 3 ግራም ነው። ገንዳዎ 120 ሊትር ይባል እንጂ የአሸዋውና የድንጋዩ ቦታ፣ እስከ አፉም አለመሞላቱ ሲቀነስ ውሃው 100 ሊትር ያህል ስለሚሆን በጠቅላላው 300 ግራም ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አይጨምሩት። 100 ግራም በሚዛን ለክተው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በጆግ ያሟሙና ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ በማግሥቱ ሁለተኛውን፣ በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ይጨምሩ። ጨው ከውሃ ጋር አይተንም፤ ስለዚህ ተንኖ የጎደለውን የሚሞሉት በንጹሕ ውሃ ሲሆን፣ ጨው የሚጨምሩት ቀድተው ላወጡት ውሃ ልክ ብቻ ነው። በየሁለት ቀኑ አሸዋውን በቱቦ እየሳቡ ያጽዱ፤ ሽፋን ሠርቶ የተለጠፈው ተሐዋሲ የሚገኘው እዚያ ነው። የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ በኋላ ጨውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ከዚያ ውሃውን በከፊል በመቀየር እየቀነሱ ያውጡት። አዲስ ዓሣ የመቀላቀያው ቀን የሚቆጠረውም ነጠብጣብ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ዕለት ጀምሮ ነው። ውስጡ የተተከለ ተክል ካለ ይህን ያህል ጨው ላይችል ስለሚችል ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውሩት፤ ዓሣ በሌለበት ውሃ ተለይቶ ከቆየ ተሐዋሲውም አብሮት ይሞታል።

ውሃውን 30 ዲግሪ በማድረስ ይህን በሽታ ማጥፋት ይቻላል የሚል ምክር አንብበው ይሆናል። ምክሩ መሠረት አለው፤ ተሐዋሲው ያን ያህል ሙቀት አይችልም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ግን አልመክረውም። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ዘንድ ከ6 ብዙም አያልፍም። ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ተሐዋሲው ስንጥባቸውን የጎዳባቸው ጎልድፊሾች በዚያ ውሃ ውስጥ ይታፈናሉ። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል የሚለውንም በዚሁ ምክንያት ቀነስ አድርገው ይውሰዱት፤ የአየር ፓምፑም ቀንም ሌሊትም ይሥራ።

ለይቶ ማቆያው ውድ ነገር አይጠይቅም። ከ30 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል፤ ኦሞም ሆነ በረኪና ያልነካው አዲስ ይሁን። አሸዋ አይጨምሩበት፤ ባዶ ወለል ለመጽዳትም፣ ዓይነ ምድሩን ለማየትም ይመቻል። መደበቂያ ግን የግድ ነው፤ አንድ ቁራጭ የውሃ ቧንቧ ወይም ንጹሕ የሸክላ ስባሪ ያስቀምጡ። መደበቂያ ያጣ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ በሰውነቱ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ደግሞ የመከላከል አቅሙን ያደክማል። በየዓሣው ላይ ጥቂት ተሐዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ፤ ወደ በሽታ የሚለወጡት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለው ጭንቀት ነው። ዕቃውን ሰው ከማይበዛበት ጥግ፣ ከዋናው ገንዳ ጥቂት ሜትር አርቀው ያኑሩት፤ በአየር አረፋ የሚረጭ የውሃ ጠብታ እንኳን ሊያሻግር ይችላል። መረቡ፣ ቱቦውና ባልዲው የየራሱ ይሁን። የግድ የሚጋሩት ዕቃ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሃያ እጅ ውሃ በጥብጠው ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ ደጋግመው አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ፍጹም እስኪደርቅ ይተዉት።

ፊልተሩ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ይሁን። ስፖንጁ አሞኒያን የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎችን እንዲይዝ አስቀድሞ ዋናው ገንዳ ውስጥ አንድ ወር ያህል መቆየት አለበት። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ አሁን ባለበት ሁኔታ ከዋናው ገንዳ የሚወጣ ስፖንጅ በሽታውንም ይዞ ይወጣል። ገንዳው ከበሽታው ነጻ መሆኑ የሚጠበቅበትን ሳምንታት ለዚህም ይጠቀሙበት፤ ስፖንጁን አሁኑኑ ያስገቡና ሁለቱም አብረው ይብቁ። መቸኮል ካለብዎ በአዲስ ስፖንጅ ይጀምሩ፤ ምግብ በጣም ይቀንሱ፤ በየቀኑ ሩብ ያህሉን ውሃ ይቀይሩ።

ስለ ውሃው ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ከለገዳዲም ሆነ ከገፈርሳ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። በሰፊ ዕቃ ቀድተው አየር እየነፉበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ካሳደሩት ክሎሪኑ ይወጣል። ቀናት ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፤ ውሃ በመጣበት ዕለት ከቧንቧው ቀጥታ የተቀዳው ነው ስንጥብ የሚያቃጥለው። በቦቴ የመጣውን ደግሞ ምን እንደተጨመረበት ስለማይታወቅ ያሳድሩት። እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ የገባበትን ውሃ ጨርሶ አይጠቀሙ። ከጉድጓድ የወጣ ከሆነ ክሎሪን ባይኖረውም ኦክስጅኑ ሊያንስ፣ ማዕድኑም ከለመዱት ውሃ ሊበዛ ስለሚችል፣ እርሱንም አየር እየነፉ ያሳድሩትና በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቅሉ።

ዓሣውን ሲገዙ ጠዋት ይሂዱ። ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚኒባስ በምሽት የሚጓዝ ፌስታል በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው በሻርፕ ወይም በነጠላ ይጠቅልሉት። ጨለማውም ዓሣውን ያረጋጋዋል። ሻጩ ዓሦቹን ከአቅራቢው የተቀበለው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ትናንት የገቡ ከሆኑ ሳምንት ቆይተው ይመለሱ። እዚያው ሆነው ምግብ እንዲሰጣቸው ይለምኑት፤ የማይበላ ዓሣ አይግዙ። በዚያው ገንዳ ውስጥ አንድ የሞተ ወይም ክንፉን ከሰውነቱ አጣብቆ የሚንሳፈፍ ካዩም፣ ሌሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ይተዋቸው።

ቤት ሲደርሱ የክፍሉን መብራት ያደብዝዙ። ፌስታሉን ሳይፈቱ በለይቶ ማቆያው ውሃ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ይህ ሙቀቱን ያስተካክላል። ከዚያ ይፍቱትና አፉን ወደ ውጭ ጠቅልለው እንዲቆም ካደረጉ በኋላ በየአምስት ደቂቃው አንድ የቡና ሲኒ ውሃ ከማቆያው እየቀዱ ይጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ ብቻ ያሻግሩ፤ የፌስታሉን ውሃ ይድፉት። ረጅም ሰዓት የተጓዘ ፌስታል ከሆነ ግን ይህን ማለማመጃ ማሳጠር አለብዎ። በታሰረ ፌስታል ውስጥ ዓሣው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ ደግሞ ብዙም በማይጎዳ መልክ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ አሲዱ ይቀንሳል፤ ያው አሞኒያ ወደ መርዛማ መልኩ ይለወጣል። በሰዓታት ለተቆጠረ ጉዞ ሙቀቱን አስተካክለው ወዲያው በመረብ ያውጡት።

የመጀመሪያውን ቀን አይመግቡ። መደበቁ አያስደንግጥዎ። የሚያሳስበው ከውሃው አፍ ላይ ሆኖ አየር መጎንጨቱ፣ ከዕቃው ጋር ሰውነቱን መፋተጉ፣ ክንፉን አጣብቆ መዋሉ ነው። ማታ ክፍሉ ሲጨልም የስልክዎን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን ያብሩበትና ከጭራው ይጀምሩ። ነጭ ነጠብጣብ በአብዛኛው ቀድሞ የሚታየው ጭራውና ክንፎቹ ላይ ነው፤ እንደ ጨው ቅንጣት ጎላ ብሎ፣ ያለ ሥርዓት የተበተነ ነው። በጣም ደቃቅ፣ ወርቃማ አቧራ የተነሰነሰ የሚመስል ከሆነ ቬልቬት የሚባለው ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱ የሚታየው በዚህ የጎን ብርሃን ነው። የጎልድፊሽ ወንድ በመራቢያው ወቅት በስንጥብ ክዳኖቹና በፊተኛ ክንፎቹ ጠርዝ ላይ በመስመር የተደረደሩ ነጫጭ ነጥቦች ያወጣል። ይህ ጤንነት ነው። ይህን በሽታ መስሏቸው ጤነኛ ዓሣ በመድኃኒት የሚያሰቃዩ ብዙ ናቸው። ነጥቦቹ በቦታቸው ከቆዩና ወደ ጭራው ካልተሻገሩ ይተዉት።

የመብራት መቋረጥ ነገር አለ። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ማግኘት ከቻሉ ከማሞቂያው በፊት እርሱን ይግዙ። መብራት ሲጠፋ ማቆያውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ዙሪያውን ይሸፍኑ፤ ላዩን ለአየር ክፍት ይተዉ። ለጉፒ ብርዱ ከበረታ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ያንሳፍፉ፤ ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ግን በቴርሞሜትር ይከታተሉ። ምግብ አይስጡ። ብዙ ሰዓት ቆሞ የነበረ ስፖንጅ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እጥረት ሊሞቱ ስለሚችሉ፣ መብራቱ ሲመለስ ከማስነሳትዎ በፊት ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ያለቅልቁት።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ጎልድፊሽና ጉፒ አብረው የሚኖሩ ዓሦች አይደሉም። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ለገጣፎ ቤት ውስጥ ያለ ብዙ ድካም ይኖራል። ጉፒ 24 እና 25 ዲግሪ ይፈልጋል፤ አፉ የሰፋ ጎልድፊሽም ይውጠዋል። የእርስዎ ጉፒዎች በኅዳር ብርድ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ውስጥ ሲገቡ በሽታው ባይኖር እንኳን በጭንቀት ላይ ነበሩ። ልጆቹ ጉፒ ካሉ ማሞቂያ ያለው ሌላ ገንዳ ያስፈልጋቸዋል። ያለዎት ገንዳ ለጎልድፊሽ ብቻ ይሁን፤ በዚያ ስፋት ላይ ከሁለቱ በተጨማሪ አንድ ቢገባ በቂ ነው። ማቆያውን ጨርሶ ሲገባም ማታ መብራት አጥፍተው ያስገቡት፤ አስቀድመው የድንጋዮቹን ቦታ ይለዋውጡ፤ ነባሮቹ የያዙት ጥግ ሲፈርስ አዲሱን ማሳደዳቸውን ይቀንሳሉ።

ስለ ልጆቹ፦ ቱቦውን በአፍ መሳብ ይከልክሉ፤ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ እጁን ገንዳው ውስጥ አያስገባ፤ ሁሉም ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ የዓሣ ባክቴሪያ በቁስል በኩል ገብቶ ለወራት የማይድን የቆዳ እብጠት ያመጣል። ከማቆያው የሚወጣውን ውሃ ሽንት ቤት ይድፉት፤ ወንዝም፣ የለገዳዲ ግድብ ዳርም አይወሰድ። ጨው ያለበትን አትክልት ሥር አያፍስሱ።

በማቆያው ውስጥ ዓሣ ቢሞትብዎ የአራቱን ወይም የስድስቱን ሳምንት ቆጠራ ከዚያ ቀን እንደገና ይጀምሩ። ከአንድ በላይ ከሞተ ግን በግምት አይቀጥሉ፤ ሬሳውን በንጹሕ ፌስታል አድርገው ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከታች፣ ያስቀምጡና በዚያው ዕለት ማይክሮስኮፕ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በረዶ የሆነ ሬሳ ላይ ተሐዋስያኑ ስለሚፈርሱ ምርመራው አይሳካም። የውሃውን ናሙና በሌላ ጠርሙስ ይያዙ፤ የሙቀቱን ልክ፣ የገዙበትን ቀንና የጨመሩትን ነገር ሁሉ ጽፈው ይሂዱ።